የአንዲት ናይትሮጅን ውለታና ዕዳ

በ2010 ፕሎስ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ዛሬ እንደ አዲስ መነበብ አለበት እላለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጥናቱ የመረመረው፣ አንቲባዮቲክ ለሕዝብ በጅምላ ሲታደል በልጆች አፍንጫና ጉሮሮ የሚኖረው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ማክሮላይድ የሚባሉትን መድኃኒቶች ምን ያህል እንደሚላመድ ነው። ቀዳሚ ጸሐፊዋ አሊሰን ስካሌት ናቸው፤ አብረዋቸው ከጻፉት መካከል ተሾመ ገብሬ፣ ብርሃን አየለ፣ ሙላት ዘሪሁን፣ ጄረሚ ኪናንና ቶማስ ሊትማን ይገኛሉ። ሥራው የተሠራው በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ነው። ጎንቻን ከደቡብ ጎንደር የሚለያት ዓባይ ነው። ወንዙን ተሻግሮ፣ ተራራውን አልፎ፣ ወደ ጣና ዳር ቢወረድ የፎገራ ሜዳ ይገኛል፤ ጥናቱን ያነበብኩትም የፎገራዋን ከተማ ወረታንና ዙሪያዋን እያሰብኩ ነው።

እንደ አዲስ ይነበብ የምልበት ምክንያት አለኝ። በአማራ ክልል ከማክሮላይዶቹ አንዱ የሆነው አዚትሮማይሲን ለትራኮማ ከአሥር ዓመት በላይ በየዓመቱ ታድሎ እንኳ፣ በልጆች ላይ የሚታየው በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ5 በመቶ መጠን በታች አልወርድ ያለባቸው ወረዳዎች አሉ። በሽታው ለጸናባቸው ለእነዚህ ቦታዎች የሚቀርበው ሐሳብ ዕደላውን ማብዛት፣ በተለይም ልጆችን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ማስዋጥ ነው፤ ሙከራዎችም እየተደረጉበት ነው። የ2010ሩ ጥናት የለካው ደግሞ ይህንኑ ነው። ያኔ ከተለመደው አሠራር የራቀ የጫና ፈተና የነበረው ነገር፣ ዛሬ ሊተገበር የሚችል ዕቅድ ሆኗል።

ስለ በሽታው ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የዓይን ማዝን የማያውቅ የፎገራ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በልጅነት ዓይንን ደጋግሞ የሚያቆስለው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ጠባሳው ሲከማች የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበሳል፣ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። እናቶች ወረንጦ ከቀሚሳቸው አጥፍ ይዘው፣ አንዷ የሌላዋን ፀጉር እየነቀለች የኖሩበት በሽታ ነው። በ2005 እና በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ልጆች 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ የአገሪቱ አማካይ 40 በመቶ ያህል ነበር። ከ2001 ጀምሮ የካርተር ማዕከል የክልሉን ጤና ቢሮ በዚህ ሥራ ይደግፋል፤ መድኃኒቱን ዚትሮማክስ በሚል ስም ፋይዘር በነፃ ይሰጣል። ሰው በቁመት መለኪያ ዘንግ ተለክቶ፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ወይም ለሕፃናት ሽሮፕ ይቀበላል። ከስድስት ወር በታች ላሉት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል።

አንድ ጊዜ ተውጦ እንዲበቃ ያደረገው ምንድን ነው? የጥናቱን ቁጥሮች ከማንበብ በፊት ይህን መመለስ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ባክቴሪያዎችን የሚቆጥር ሥራ እንጂ መድኃኒቱን በኬሚስት ዓይን የሚፈታ አይደለምና።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፊሊፒንስ አፈር ነው። አቤላርዶ አጊላር የተባሉ ሐኪም በ1949 ከኢሎይሎ አካባቢ ወደ ኢላይ ሊሊ ኩባንያ ከላኩት አፈር ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ኤሪትሮማይሲን ተገኘ፤ በ1952 ለሕክምና ቀረበ። ሞለኪውሉ 14 አቶሞች ያሉት ትልቅ ቀለበት ነው፤ ሁለት ስኳሮች፣ ዴሶሳሚንና ክላዲኖስ፣ ተያይዘውበታል። ባክቴሪያው ፕሮቲን በሚሠራበት ሪቦዞም ውስጥ፣ አዲሱ ፕሮቲን በሚወጣበት መተላለፊያ ላይ ገብቶ ይቀመጣል። ዋናው መያዣው በሪቦዞሙ አር.ኤን.ኤ. ላይ 2058 ቁጥር የተሰጠው አዴኒን ነው። የያዘው በዴሶሳሚን በኩል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ኤሪትሮማይሲን ጉድለት ነበረበት። በጨጓራ አሲድ ውስጥ በ6ኛው ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮክሲል በ9ኛው ካርቦን ላይ ያለውን ኬቶን ያጠቃና ሞለኪውሉ በራሱ ላይ ተጠምዝዞ ይበላሻል። በደም ውስጥ የሚቆየውም ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ስለዚህ በቀን አራት ጊዜ ይዋጥ ነበር፣ ሆድም ይቆርጣል። ኬሚስቶች ሁለት ዓይነት መፍትሔ አመጡ። የጃፓኑ ታይሾ ኩባንያ በ6ኛው ካርቦን ላይ ያለውን ሃይድሮክሲል በሜቲል ሸፍኖ ክላሪትሮማይሲንን ሠራ። በዛግሬብ፣ በፕሊቫ ኩባንያ፣ ስሎቦዳን ጆኪችና ጋብሪዬላ ኮብሬሄል ያሉበት ቡድን ደግሞ ጥቃት የሚደርስበትን ኬቶን ራሱን አጠፋው። ኬቶኑን ወደ ኦክሲም ለውጠው፣ ቤክማን በሚባለው የአቶሞች ሽግሽግ ናይትሮጅኗን ከቀለበቱ ውስጥ አስገቧት፤ ከዚያም ሜቲል ጨመሩላት። ቀለበቱ 15 አቶም ሆነ፤ አዚትሮማይሲን ተወለደ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዩጎዝላቪያ ገበያ ላይ ዋለ፤ በ1991 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ሰው ይህን ሲሰማ አዲሱ መድኃኒት ከአሮጌው የበለጠ ገዳይ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም። እንደ ኒሞኮከስ ባሉ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ላይ አዚትሮማይሲን ከኤሪትሮማይሲን በመጠኑ የደከመ ነው። በሂሞፊለስና በመሰሎቹ ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎች ላይ ግን ይበልጣል፤ ሁለት አዎንታዊ ቻርጅ መያዙ ውጫዊ ሽፋናቸውን ለማለፍ ያግዘዋል። ትልቁ ለውጥ ግን በመግደል ኃይሉ ላይ የመጣ አይደለም። በቀለበቱና በዴሶሳሚን ላይ ያሉት ሁለቱ ናይትሮጅኖች በሴሎች ውስጥ ባሉ አሲዳማ ከረጢቶች ውስጥ ቻርጅ ይይዛሉ፤ ቻርጅ የያዘ ሞለኪውል ደግሞ ሽፋኑን ተሻግሮ መውጣት ይቸግረዋል። መድኃኒቱ ከደም ይልቅ በሥጋና በነጭ የደም ሴል ውስጥ በብዙ እጥፍ ይከማቻል፤ መጠኑ ወደ ግማሽ የሚወርደውም በ68 ሰዓት ገደማ ነው። ክላሚዲያ የሚኖረው በሴል ውስጥ ነውና መድኃኒቱ የሚከማችበት ቦታ ለበሽታው የተመቸ ሆነ። በ1993 በጋምቢያ የተደረገ ጥናት አንዴ የሚዋጥ አዚትሮማይሲን ለስድስት ሳምንት ከሚቀባው ቴትራሳይክሊን የማያንስ መሆኑን አሳየ። በፎገራ ሜዳ፣ በክረምት ውኃ በሚከባቸው እንደ ናበጋና ሺና ባሉ ቀበሌዎች፣ ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ልጅ ይዞ ዓይን መቀባትን ማስፈጸም የማይታሰብ ነው። የዛግሬቦቹ ናይትሮጅን የሠራችው ውለታ ይህ ነው፤ ትልቅ ውለታ ነው።

ዕዳውም ከዚሁ ይመነጫል። መድኃኒቱ ቶሎ አይጠፋም፤ ቀስ እያለ ይሳሳል። በዚያ መሳሳት መካከል፣ ደካማውን ባክቴሪያ የሚገድል፣ ለተላመደው ግን የማይበቃ መጠን ለብዙ ቀናት ይቆያል። የፎገራ ገበሬ ጎርፉ ሲሸሽና ሩዙ ሲታጨድ መሬቱ በያዘው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል፤ ከውኃው በኋላ የሚቀረው እርጥበት የራሱን ሰብል ያበቅላል። ከመድኃኒቱ በኋላ የሚቀረው ቅሪትም የራሱን ያበቅላል፤ የሚያበቅለውን ማንም አልዘራውም እንጂ።

ስካሌትና ባልደረቦቻቸው የለኩት ይህንን ነው። ጥናቱ ታና በሚል ምህጻር የሚታወቀው ትልቅ ሙከራ አካል ነበር፤ በግንቦት 2006 ተጀመረ። በዕጣ ከተለዩት ንዑስ ቀበሌዎች በ12ቱ ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆች በየሦስት ወሩ፣ በዓመት አራት ጊዜ አዚትሮማይሲን ዋጡ። ሌሎች 12ቱ ግን ዓመቱ እስኪያልቅ ጠበቁ፤ ከዚያ በኋላ ተሰጣቸው። በ12ኛው ወር ከየንዑስ ቀበሌው በዕጣ ከተመረጡ አሥር ልጆች የአፍንጫ ናሙና ተወሰደ። መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት በታከሙት ዘንድ 3.6 በመቶ የነበረው የኒሞኮከስ አዚትሮማይሲንን የመላመድ መጠን ወደ 46.9 በመቶ ወጣ። ባልታከሙት ዘንድ በ12ኛው ወር 9.2 በመቶ ነበር።

አሁን ከጎኑ ሌላ ጽሑፍ ላስቀምጥ። በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው፣ ጄናፈር ሃውስ የመሩት ሥራ፣ ከዚሁ ሙከራ፣ በየሦስት ወሩ ከታከሙት ከነዚሁ 12 ንዑስ ቀበሌዎች የተገኘ ነው። የለካው ግን ዓይንን ነው። በልጆች ዓይን ላይ ክላሚዲያ በዓመት ውስጥ ከ48.4 በመቶ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን ባልዋጡት 11 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ዘንድ እንኳ ከ15.5 ወደ 8.2 ዝቅ አለ፤ ልጆቹ ሲታከሙ እናቶቻቸው ተጠበቁ ማለት ነው። ሁለቱን ረድፎች አንድ ላይ ስታነብ ትደነግጣለህ፦ ዓይን ላይ ከ48.4 ወደ 3.6፣ አፍንጫ ላይ ከ3.6 ወደ 46.9። ቁጥሮቹ በአጋጣሚ መስተዋት መሰሉ፤ የሚሉት ነገር ግን አጋጣሚ አይደለም። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሕፃን አካል ላይ፣ በአንዲት ሞለኪውል የተሠሩ ሁለት ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ይህ አንድ ታሪክ በሁለት መጽሔት፣ በሁለት ዓመት ተከፍሎ ወጣ። ሦስተኛውም አለ፤ በ2009 ጃማ በተባለው መጽሔት ትራቪስ ፖርኮ ያወጡት ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ልጆች መካከል ሞት ባልታከሙት ዘንድ ከሺህ 8.3፣ በታከሙት ዘንድ 4.1 በዓመት መሆኑን ያሳያል። ሞቱ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ግምቱ ሰፊ ነው፤ የሁለቱ ወገኖች ጥምርታ ከ0.29 እስከ 0.90 ሊሆን ይችላል፣ የሞቱ ምክንያትም አልታወቀም። ቢሆንም በ2018 በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተደረገው ሞርዶር የተባለው ግዙፍ ሙከራ ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱን አረጋግጦ የጎንቻውን ፍንጭ አጽንቶታል፤ መጠኑ ግን በጣም ያነሰ ነው። ለአንድ የወረዳ ጤና ኃላፊ እነዚህ ሦስት ወረቀቶች አንድ ወረቀት ናቸው። የስካሌትን ብቻ ያነበበ ዕደላውን ይፈራል፤ የፖርኮን ብቻ ያነበበ ደጋግመን እንስጥ ይላል። የምርምር ሙያ ውጤትን በየመጽሔቱ መከፋፈሉን ይሸልማል፤ የሚከፍለው ውሳኔ የሚሰጠው ሰው ነው።

ሁለተኛው የንድፉ ጉዳይ ነው። መነሻው ናሙና የተወሰደው ከታከሙት ብቻ ነው፤ ካልታከሙት በ12ኛው ወር ብቻ። ዕጣው ሁለቱን ወገኖች ያመሳስላል ተብሎ ይታመናል፤ እኔም አምናለሁ፣ በ46.9 እና በ9.2 መካከል ያለው ልዩነትም በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። ግን 3.6 እና 9.2ን አጠገብ ለአጠገብ ያየ አንባቢ፣ መድኃኒቱ ባልደረሰበትም ቀበሌ መላመዱ እየጨመረ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከጎረቤት ጎጥ በገበያና በቤተ ክርስቲያን የተሻገረ ነው? ከመድኃኒት መደብር የተገዛ ነው? ወይስ የናሙና ማነስ ያመጣው መዋዠቅ? ጥናቱ ይህን ሊመልስ አይችልም፤ ሊመልስ የሚችልበትን 120 ናሙና በመጀመሪያው ቀን ሳይወስድ ቀርቷልና።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን የጊዜ ለውጥ ነው። ሥራው የተሠራው ኢትዮጵያ በ2011 የኒሞኮከስን ክትባት ከመጀመሯ በፊት ነው። ክትባቱ በልጆች አፍንጫ የሚኖሩትን የኒሞኮከስ ዘሮች ስብጥር ይለውጣል፤ ከተላመዱት ዘሮች አንዳንዶቹን ሊያጠፋ፣ ሌሎቹን ሊያነግሥ ይችላል። ስለዚህ 46.9 ለዛሬው የናበጋ ልጅ ትንበያ ሊሆን አይችልም። የአቅጣጫ ምልክት ነው።

የጥናቱ ብርታት ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። አንቲባዮቲክ መላመድን ያመጣል የሚለው አባባል በየሆስፒታሉ ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ በዕጣ በተለየ ማኅበረሰብ፣ ካልታከመ አቻ ጋር ተነጻጽሮ ሲለካ ማየት ብርቅ ነው። እነ ተሾመ ገብሬ ይህንን በገጠር፣ መኪና በማይገባበት ቦታ፣ ናሙና በበረዶ ይዘው እየተመላለሱ አድርገውታል። ለመድኃኒት ዕደላው ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች የዕደላውን ጉዳት ቆጥረው ማሳተማቸው ደግሞ የሚያኮራ ታማኝነት ነው።

የክላሚዲያ አለመላመድ ሌላው የሚያስገርም ነገር ነው። በጉራጌም በአማራም ከዓመታት ዕደላ በኋላ በተመረመሩት የዓይን ክላሚዲያዎች ላይ ማክሮላይድን የመላመድ ምልክት አልተገኘም። ታላሚው ሳይላመድ፣ በመንገድ ላይ የተገኘው ኒሞኮከስ የተላመደበት ምክንያት በኑሯቸው ነው። ክላሚዲያ በሰው ሴል ውስጥ ተዘግቶ ይኖራል፤ ከሌላ ባክቴሪያ ጂን የሚቀበልበት በር ጠባብ ነው። ኒሞኮከስ ግን በአፍንጫ ውስጥ ከብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ጋር ተጠጋግቶ ይኖራል፣ የተበተነ ዲ.ኤን.ኤ. ለቅሞ የራሱ ማድረግን ያውቅበታል። ከሚለቅመው ውስጥ አንዱ ኤርም የተባለው ጂን ነው፤ ያን 2058ኛውን አዴኒን በሜቲል ይሸፍነዋል። ዴሶሳሚን የሚይዘው ቦታ ያጣል። እዚህ ላይ የቀለበቱ ማሻሻያ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፦ 14 አቶምም ይሁን 15፣ ሜቲል ይኑረው አይኑረው፣ መያዣው አንድ ስለሆነ ኤርም ሁሉንም አንድ ላይ ያወጣቸዋል። ይህ ጂን ብዙ ጊዜ ቴትራሳይክሊንን ከሚያላምደው ጂን ጋር በአንድ ተንቀሳቃሽ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ላይ ስለሚጓዝ፣ አንዱን መድኃኒት የሰጠ ለሌላውም መላመድን ይመርጣል።

ኬሚስቶች ለዚህም መልስ ሞክረዋል። ክላዲኖስን አንሥተው በቦታው ኬቶን አደረጉ፤ ከቀለበቱ ጎን ደግሞ ረዥም ክንድ ቀጥለው ሪቦዞሙን በሁለተኛ ቦታ እንዲይዝ አደረጉት። ቴሊትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በዚህ መንገድ ተሠርቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ገባ፤ ጉበትን በከባድ ሁኔታ መጉዳቱ ታወቀና ከአገልግሎት ወጣ። ተከታዩ ሶሊትሮማይሲን በ2016 በአሜሪካ ፈቃድ ተከለከለ። በ2016 የሃርቫርዱ አንድሩ ማየርስ ቡድን ከ300 በላይ ማክሮላይዶችን ከትናንሽ ቁርጥራጮች በመገጣጠም መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ከነዚያ አንዱም ግን በጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ የለም። ፎገራ ያላት አዚትሮማይሲን ብቻ ነው፤ ቢበላሽ የሚተካው ተዘጋጅቶ አልተቀመጠም።

ለታመመ ልጅ ይህ ምን ማለት ነው? የወረታ ጤና ጣቢያ ለሳንባ ምች የሚሰጠው መጀመሪያ አሞክሲሲሊን ነው፤ ማክሮላይድን የተላመደ ኒሞኮከስ በዚያው ምክንያት አሞክሲሲሊንን አያመልጥም። ስለዚህ በአፍንጫ የተቆጠረው መላመድ ወዲያው ሞት ሆኖ አይታይም። ጽሑፉም በአፍንጫ የተገኘ ባክቴሪያን እንጂ በሽታን አልለካም። ይህ ሊያጽናና ይችላል፤ ግን መጽናናቱን በልክ እወስደዋለሁ። ከወረታ ቀጥሎ ባለችው በሊቦ ከምከም፣ በ2005 አካባቢ የካላዛር ወረርሽኝ ተነሥቶ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ተቆጥሮ ነበር። ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ አዲስ ነገር በአሮጌ ስም ይጠራል፤ መላመድም እንዲሁ ከሳንባ ምች ሞት ውስጥ ተደብቆ ሊቀመጥ ይችላል።

ዕደላ ሲቆም መላመዱ እንደሚወርድም ማስረጃ አለ። በጉራጌ ዞን ስድስት ዙር ከታደለ በኋላ 76.8 በመቶ የደረሰው መላመድ በዓመቱ 30.6፣ በሁለት ዓመቱ 20.8 ሆነ። ዕደላው ግን ሲቆም ክላሚዲያ ይመለሳል፤ ታናን ተከትሎ የመጣው ሥራ ይህንን አሳይቷል። በተሾመ ገብሬ መሪነት በ2012 ላንሴት ላይ የወጣው ሌላው የታና ውጤት ደግሞ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፦ በልጆች ዓይን ላይ ክላሚዲያ በዓመት አንዴ በታደለበት ከ41.9 ወደ 1.9 በመቶ፣ ሁለቴ በታደለበት ከ38.3 ወደ 3.2 በመቶ በ42 ወር ውስጥ ወረደ። ሁለት ጊዜ መስጠቱ ያመጣው ብልጫ አልታየም። ዙር እናብዛ የሚል ሰው ይህንን ከ46.9 ጋር አብሮ አስቀምጦ መከራከር ይኖርበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 የሕፃናትን ሞት ለመቀነስ ሲባል አዚትሮማይሲንን በጅምላ መስጠትን ሞት እጅግ በበዛበት ቦታ ብቻ ሲፈቅድ፣ መላመዱን መከታተልን ግዴታ አድርጎ አያይዞታል። ለትራኮማ ሲባል በልጆች ላይ ተጨማሪ ዙር ከተጀመረም ያው ግዴታ ሊኖር ይገባል። ባሕር ዳር ያለው የአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የትራኮማ ሞለኪውላር ላቦራቶሪ አለው፤ የዓይን ናሙና ለዓመታት መርምሯል። ከወረታ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በመጀመሪያው ዙር ዕለት፣ ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት፣ ዙሩ ከሚጨመርላቸውም ከማይጨመርላቸውም ቀበሌዎች የአፍንጫ ናሙና ይወሰድ፤ ከዓመት በኋላ ይደገም፤ ዕደላው ከቆመ ከዓመት በኋላ ሦስተኛ ጊዜ ይወሰድ። የ2010ሩ ጽሑፍ የጎደለው ያ የመጀመሪያው ቀን የማነጻጸሪያ ናሙና፣ ዙሩ ከተጀመረ በኋላ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም።